ታንጉት ያላየችው የነፋስ ወፍጮ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ በታች ካለው ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ እግሬ ተያዘ። ፎቶ አንሺው ሙሽሮችን የሚያቆምበትን ትልቅ ሸራ አቧራውን ሊያራግፍ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ሸራው ላይ ያለው አበባ ነው፤ ቀዩ ለብቻ፣ ቢጫው ለብቻ፣ ሐምራዊው ለብቻ፣ እንደ ጥለት በመስመር በመስመር ተሰድሯል። ከአበባው ኋላ ባለ አራት ክንፍ የነፋስ ወፍጮ ቆሟል። ሰውዬው ዓይኔን ተከትሎ አየና፣ «አባ፣ ይግቡ ላንሳዎት እንጂ፤ አውሮፓ የሄዱ ነው የሚመስሉት» አለኝ። ሄጃለሁ አልሁት። የት ነው ቢለኝ ጃፓን አልሁት። ከት ብሎ ሳቀ፤ አጠገቡ ያለችው ቲማቲም ሻጭም ሳቀች። ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ መስያቸው ነው። እኔም አብሬ ፈገግ ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ። ቤቴ ስደርስ ግን የያዝሁትን ሽንኩርት የት እንዳስቀመጥሁት እንኳ አላውቅም፤ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ ያንን ወፍጮ በሐሳቤ ሳይ ዋልሁ። ከሰው ጋር የማላወራው ነገር ስለሆነ ነው እነሆ የምጽፈው። ፊደል የቆጠርሁት ከየኔታ ዘንድ ነው፤ ከዳዊት አላለፍሁም፤ የተሳሳትሁት ካለ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ወፍጮውን መጀመሪያ ያየሁት በካላንደር ላይ ነው። ያኔ ልብስ ሰፊ ነበርሁ፤ ዛሬም ዓይኔ ደከመ እንጂ እጄ አልረሳም። የስፌት መኪናዬን ከሐጂ ይመር የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ አቆማለሁ፤ ሐጂ ጨርቁን እየለኩ ይሸጣሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ተተሮን የሚባል ጨርቅ መጥቶ አገሩን ያሳበደበት ዘመን ነበር፤ ሜትሩ በሦስት ብር ከስሙኒ። ለሱሪ ስፌት ብር ከሃምሳ እቀበላለሁ፤ እግሩ ከታች እንደ ጃንጥላ ካልተዘረጋ ግን ጎረምሳው አይወስደውም። አስተማሪው ካኪ፣ ገበሬው አቡጀዴ፣ ባለሥልጣኑ ገበርዲን፤ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ፊቱን ሳላይ በጨርቁ አውቀው ነበር። ጥምቀት ሲቃረብ በረንዳው ላይ እግር መትከያ አይገኝም፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፤ ሴቶቹ የእኔ ቀደመ የእኔ ቀደመ እያሉ ሲጣሉ ሐጂ ከውስጥ ሆነው፣ «እኔ እስላሙ ጥምቀትን ከእናንተ ይልቅ እፈራዋለሁ» ይሉ ነበር። ራዲዮናቸው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ዘፋኙ እንደ በሽተኛ እያቃሰተ እስኪመሽ ይደርሳል።

ሐሙስ ሐሙስ መኪናዬን ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ሐሙሲት ገበያ እወርዳለሁ። ታንጉትን ያገኘኋት እዚያ ነው። ከአንበሳሜ በኩል ከእናቷ ጋር ቅቤ ይዛ መጥታ፣ በቅቤው ዋጋ አቡጀዴ ገዝታ ቀሚስ ልታሰፋ ከፊቴ ቆመች። ወገቧን ስለካ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። «ይኼ ሰውዬ ልብስ ሰፊ ነው ወይስ ወባ የያዘው?» አለች ለእናቷ፣ እኔ እየሰማሁ። የዚያን ቀሚስ ሽንሽን ከልክ በላይ አበዛሁት፤ ጨርቁ አልበቃ ሲል ከራሴ ገዝቼ ጨመርሁበት። በዓመቱ ቤቴ ገባች።

ካላንደሩን የሰጡን ሐጂ ናቸው። ጨርቅ የሚያመጣላቸው ነጋዴ ያበረከተላቸው ነው፤ ወሩ የፈረንጅ ስለሆነ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብለው ለታንጉት ሰጧት። እሷም ልብስ ከምትተኩስበት ጠረጴዛ በላይ ሰቀለችው። ሌላውን ወር ገልጣ አላየችውም፤ ወፍጮውና አበባው ያለበት ወር ላይ ቆሞ ቀረ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ካላንደሩ አልተለወጠም። ተተሮን በከሰል ካውያ ሲነካ የሚሸተው ሽታ አለ፤ ስኳር ያረረ ይመስላል። በዚያ ሽታ መሐል እያንጎራጎረች ሥዕሉን ታያለች። እዚያ አገር ሴቶቹ እህል አይፈጩም፣ ነፋስ ይፈጭላቸዋል፣ እነሱ አበባ ይለቅማሉ ትለኛለች። ነፋስ የሌለ ቀን ጦማቸውን ያድራሉ እላታለሁ። እሷም ካውያዋን ሳታነሳ ነፋስ የማይነፍስበት አገር የለም ትለኛለች። ይህን ክርክር ስንት ጊዜ እንደ ተከራከርነው አልቆጠርሁም። አንዲት ልጃችን ስመኝ በዚያ ሥዕል ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ እየተኛች አደገች።

ስመኝ በትምህርቷ ጎበዝ ወጣች። የተማረችው ስለ አፈር ነው፤ ሁለት ዓመት ተምራ ልትመለስ ጃፓን ሄደች፣ እዚያው ቀረች፣ የአገሩን ልጅ አገባች። ስትፀንስ እኔንና እናቷን ልታስመጣን ወረቀት ጀመረች፤ ለሁለታችንም ፓስፖርት ወጣ። ታንጉት ፎቶ ስትነሳ ጥርስሽን አታሳዪ ብለዋት ሳቋ አልቆም ብሎ ሦስት ጊዜ ነው የተነሳችው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ታመመች። ሆዷን ነበር። ባሕር ዳር አድርሷት ተባልሁ። መንገድ የተዘጋበት ሰሞን ነው፤ ማን ዘጋው፣ ለምን ተዘጋ፣ እሱን እኔ አልጽፈውም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪና አልነበረም። አራት ቀን ጠዋት ጠዋት መናኸሪያው እየሄድሁ አየሁ። በአምስተኛው ቀን መሄድ አላስፈለገኝም።

በእኛ አገር ሞት እንዲሁ አይነገርም። የሞተበት ሰው ሌላ አገር ከሆነ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ደርሶ መርዶውን ይነግረዋል። ሴት ከሆነች ጉልበት ያላት ሌላ ሴት ከኋላዋ ትቆማለች፤ ራሷን መሬት ላይ ስትጥል እንድትይዛት ነው። ከዚያ ለቅሶው ሲሰማ ጎረቤት ቤቱን ይሞላዋል። ለእርጉዝ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። የታንጉት ወንድም ቄስ ሙሉ ከቀብር መልስ ዘመዱን ሰብስበው ቆረጡ፤ ስመኝ እስክትወልድ አትሰማም፤ ከወለደችም በኋላ መርዶ በስልክ አይሆንም፤ አባቷ ሄዶ በአፉ ይንገራት። እስከዚያ እናቴ የት አለች ስትል ጠበል ገብታለች፣ ጠበሉ ዘንድ ስልክ ክልክል ነው እንላታለን። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቄስ ሙሉ፣ ልጅቷ ብታውቀው ምን አለበት?» አልኋቸው። «በዚያ አገር ማን ይይዛታል?» አሉኝ።

ጥር ላይ ሴት ልጅ ወለደችና ደወለች። ከልጇ ጤና በፊት የጠየቀችኝ እማዬ ሰማች ወይ ብላ ነው። እግዚአብሔር የሚጠይቀኝ ይኸን ነው። ጠበሉ ድረስ ሰው ልከን ነገርናት፣ እልል አለች አልኋት። ቄስ ሙሉ ዋሽ ያሉኝ ጠበሉን ነው፤ እልልታውን ማንም ሳይጠይቀኝ እኔው ጨመርሁት። ስመኝ በስልኩ ውስጥ በደስታ ስታለቅስ ሰማኋት፤ እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ መንገዱ ከፈት ሲል ሄድሁ። ያሳደግሁትን የሐዘን ጢም አስላጩኝ፤ ጥቁሩን ልብስ አስወልቀው ግራጫ ኮት አለበሱኝ። የጎረቤት ሴቶች ሽሮና በርበሬ አዘጋጁና እናትሽ የላከችው ነው በላት አሉኝ። ስመኝ ሽሮውን ቀምሳ የእማዬ እጅ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ፊቴን ልደብቅ ብዬ ጫማዬን ልፈታ ጎነበስሁ፤ እግሬ ግን ባዶ ነበር፤ እዚያ አገር ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነው።

ሐሳቤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ልነግራት ነበር። በማግስቱ ተነሳሁ፤ ሕፃኗ ስታለቅስባት አድራ ገና እንቅልፍ ወስዷታል። በሦስተኛው ቀን ባሏ ወደ ሥራው እየተጣደፈ ነው፤ እኔ ብቻዬን እንዴት እይዛታለሁ አልሁ። በአራተኛው ቀን ቀድማኝ ተነስታ እያንጎራጎረች ቁርስ ትሠራለች፤ ማንጎራጎሯ የእናቷ ነው። እንዲህ እያልሁ ስምንት ጎህ አለፈኝ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ምላሴን መጠበቅ ነበር። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስም ነፍሱን ይማረው ሳይባል አይታለፍም፤ ያላለ ሰው ወይ ቂም ያለበት ወይ አሳዳጊ የበደለው ነው። አምስት ወር ሙሉ ታንጉትን ባነሳሁ ቁጥር ብዬዋለሁ፤ ምላሴ ሳላዘው ይለዋል። ስለዚህ ለስመኝ በስሟ አልጠራኋትም። እናትሽ እንኳ ስል ከዓሣ እሾህ እንደሚለቅም ሰው ቀስ እያልሁ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ባሏ ሥራ አልገባም፤ ተነሱ ተባለ። ስመኝ የት እንደምንሄድ አልነገረችኝም፤ ትስቃለች ብቻ። በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ሄደን ወረድንና አንድ ትልቅ በር ገባን። ከበሩ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ከፊቴ ያለው ካላንደሩ ነው። ያው አበባ፣ ያው ወፍጮ፣ ያው የቀይ ጡብ ቤት፣ በመሐሉ የቦይ ውሃ፣ ውሃው ላይ ጀልባ። «አወቁት አባባ?» አለችኝ። ጃፓኖቹ የፈረንጅን አገር ሄዶ ማየት ቢርቅባቸው እዚሁ እንደ ሠሩት ነገረችኝ። ከማርገዟ በፊት ጀምሮ እማዬ ስትመጣ መጀመሪያ የምወስዳት እዚህ ነው ስትል እንደ ኖረችም ነገረችኝ። ዛሬ አንቱ ቀድመው ይዩላት፣ መስከረም ላይ ጤናዋ ሲመለስ ደግሞ አብረን እንመጣለን አለች። እኔም እሺ አልኋት።

ፀሐዩ ለስላሳ ነው፤ የእነሱ ሚያዝያ የእኛን መስከረም ይመስላል። ልብስ ሰፊ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ልብሱን ነው። የሚሠሩት ሴቶች ነጭ ቆብ፣ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ባለ መስመር ሽርጥ አድርገዋል፤ ስፌቱ የፈረንጅ፣ ፊታቸው የጃፓን። ወንዶቹ የእንጨት ጫማ ተጫምተው ቋ ቋ እያሉ ይሄዳሉ። ቤቶቹን እያየሁ ማን ይኖርበታል ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አይኖርበትም፣ ለማየት ብቻ ነው አለችኝ። ወደ አንዱ መስኮት ጠጋ አልሁ። መጋረጃው ዳንቴል ነው፣ ጠርዙ በእጅ ተቀምቅሟል፤ ከመጋረጃው ኋላ ያለው ግን ጣውላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ አንድ ቀን ሰው ለማይለብሰው ሰፍቼ አላውቅም። እኛ አገር ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ መጋረጃውን እንኳ ሳያወርድ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ደግሞ ሰው ላልነበረበት ቤት መጋረጃ ይሰቀላል። ይህን እያሰብሁ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ስመኝ በክንዴ ጎተተችኝ።

ቤተ ክርስቲያንም ነበር፤ ረጅም ግንብ፣ ደወል ያለው። ልማዴ ነውና ነጠላዬን አመሳቅዬ ደጁን ተሳለምሁ። ስመኝ አፏን ይዛ፣ «ኧረ አባባ፣ ታቦት የለውም፤ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ነው» አለችኝ። ከኋላዬ የነበሩ ሁለት ጃፓናውያን አሮጊቶች የአገሩ ወግ መስሏቸው እኔን አይተው እነሱም ጎንበስ ብለው ደጁን ሳሙ። ስመኝ ሳቋ አላስቆም አላት፤ እኔም ሳቅሁ፤ ባሏም ለምን እንደምንስቅ ሳያውቅ ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

እንዲህ እየሳቅን ነው ወፍጮው ሥር የደረስነው። አማቼ ሕፃኗን ደረቱ ላይ እንዳዘለ ፎቶ ሊያነሳን ራቅ ብሎ ቆመ። እኔ የማውቀው ወፍጮ በወረቀት ላይ የቆመ ነው፤ ያን ቀን ግን ነፋስ መጣና ክንፉ እያጓራ ዞረ። ስመኝ ቀና ብላ እያየችው ከእማዬ ጋር ስትከራከሩ ትዝ ይለኛል አለችኝ፤ አንቱ ነፋስ የሌለ ቀን ምን ይበላሉ ሲሉ እማዬ ምን ነበር የምትመልስልዎት አለችኝ። የሐጂ በረንዳ፣ የካውያው ሽታ፣ የራዲዮኑ ማቃሰት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ልቤ ተፈታ። ከልቤ እየሳቅሁ፣

«ታንጉት ነፍሷን ይማረውና፣ ነፋስ የማይነፍስበት አገር የለም ነበር የምትለኝ» አልኋት።

እስከ መጨረሻው ጨርሼው ነው የተናገርሁት። ያልሁትን እኔ ራሴ የሰማሁት የእሷን ፊት ሳይ ነው። አማቼ ፎቶውን አነሳ፣ ደግሞም አነሳ።

«ምን አሉ አባባ?»

የነጠላዬን ጫፍ ያዝሁ።

«አሁን ምን አሉ?»

«ልጄ» አልኋት።

ጎህ አልነበረም፤ ቀትር ነው። ዘመድ የለም። ከኋላዋ የቆመች ሴት የለችም፤ ከኋላዋ አበባ ነው፣ እዚያ ላይ ወደቀች። አንድ ጊዜ ጮኸች። ይህ ጩኸት ደብረ ታቦር ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን እየጎተተ ይደርስ ነበር፤ የተጣላም ቢሆን ይመጣ ነበር። እዚያ ግን ሰዉ ቀስ ብሎ ራቀ። ክፋት አይደለም፤ ሐዘንተኛን ትኩር ብሎ አለማየት እነሱ ዘንድ አክብሮት ነው። ላነሳት ጎነበስሁ። ነጭ ቆብ ያደረገች አንዲት ሠራተኛ መጥታ እጅ እየነሳች አንድ ነገር ተናገረች፤ የተሰበሩት አበቦች አሳስበዋት ይሁን ልጄ አሳዝናት እንጃ። ስመኝ ከወደቀችበት ተነስታ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እሷም እጅ እየነሳች በቋንቋቸው ይቅርታ ጠየቀች። ደግማ ደጋግማ ጠየቀች። እናቷን ስላለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚህ ያለ ነገር አላየሁም።

ከቦዩ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መቼ ነው አለችኝ፤ ኅዳር አልኋት። በጣቷ ቆጠረች።

«እኔ ስወልድ እማዬ አልነበረችም።»

«አልነበረችም።»

«እልል አለች ብለውኝ ነበር።»

ውሃውን ማየት ጀመርሁ።

«አባባ፣ ማን ነው እልል ያለው?»

«ማንም» አልኋት።

ጠበሉን ይቅር እላለሁ፣ ሽሮውንም ይቅር እላለሁ አለችኝ። ሕፃኗ ስታለቅስብኝ፣ በዚህ አገር ብቻዬን መሆኔ ሲሰማኝ የምይዘው ግን ያንን እልልታ ነበር፣ አሁን እሱን ምን ላድርገው አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቆየሁት ስድስት ቀን ነው። መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈን ተቀመጥን፤ ለቅሶ የሚደርስ የለም። የአማቼ እናት ብቻ ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ከፊታችን ተንበርክካ ግንባሯን ወለሉ ላይ አድርጋ ሰገደች። ምን እንደሚባል ስለማላውቅ እኔም ሰገድሁላት። እኛ ስንሰጋገድ ስመኝ ግድግዳውን ታያለች። አውሮፕላን ማረፊያው ስንለያይ አላለቀሰችም። ከእንግዲህ ክፉም ሆነ ደግ ሳይደብቁ ይንገሩኝ፣ ይማሉልኝ አለችኝ። በእናቷ አጥንት ማልሁላት።

አሁን ሁለተኛው ክረምት ነው። የሐጂ መደብር ፈርሶ ሞባይል ይሸጥበታል፤ ሐጂንም አላህ ይዘንላቸው። ተተሮን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ጎረምሶቹ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ይገዛሉ፣ እኛ ስንጥፈው የኖርነውን ቀዳዳ እነሱ ዋጋ ይከፍሉበታል። ሐሙሲት ከወረድሁ ዓመት አለፈኝ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው ነው። ስመኝ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ አትናገርም፤ የእኔን ድምፅ እስክትሰማ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ስልኬን ቤት ትቼ ሄጄ ቄስ ሙሉ አነሱት። አባትሽ ደህና ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነው አሏት። እውነታቸውን ነበር። እስክመለስ ድረስ ስታለቅስ ቆየችኝ። ከአገሯ ሰው አፍ ደህና የሚል ቃል ስትሰማ እሷ የሚታያት ሬሳ ነው። ይህን ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

እኔንም ከሰኔ ወዲህ ከጎኔ በታች አንድ ነገር ይዞኛል። ሐኪሙ ዳስሶ ዳስሶ ሲያበቃ ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ትልቅ ከተማ ሄደው ይታዩ አለኝ። የማልሁት አለና ለስመኝ ልነግራት ቆረጥሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስል ከረምሁ። ትናንት እሑድ ደወለች። ከኋላዋ የሕፃኗ ድምፅ ይሰማል፤ አፍ ፈትታለች፣ በአባቷ ቋንቋ ነው። እናቷ አንድ ነገር ስትላት ትስቃለች። «እንዴት ነዎት አባባ?» አለችኝ።

መንገዱ ዝግ ነው። መጥታ አትደርስልኝም። ልጅቷ ትስቃለች።

«ደህና ነኝ» አልኋት።

ዝም አለች። ከዚያ «እሺ» አለች፤ እንዳላመነችኝ አወቅሁ፣ እንዳወቅሁባትም አወቀች። ትንሽ ቆይታ ዝናቡ እንዴት ነው አለችኝ።

ስለ ዝናቡ እውነቱን ነገርኋት።